ውርጭ የመታው ባቄላ የአርባ ቀን ዕድላችን ነው ወይስ የኔ ጥፋት?

የባሶ ልጅ
ኅዳር 3፣ ማታ 2፡40

ሰላም ቤቶች። ጥያቄዬ ረዘም ይላል፤ ቡና ይዛችሁ አንብቡ።

አባቴ ከደብረ ብርሃን ወጣ ብሎ ባሶና ወራና ገበሬ ነው። እኔ ከተማ ነኝ፣ ቢሮ ነው የምሠራው። ሰኔ መጀመሪያ ላይ ባቄላውን ሊዘራ ሲል ደወልኩለት። «አባባ ትንሽ ቆይ፣ ምርጥ ዘር ይዤልህ እመጣለሁ» አልኩት። ቆየ። እኔ ዛሬ ነገ ስል፣ ዘሩም ሲጠፋ ሲገኝ፣ ሐምሌ ገባ። የተዘራው ሐምሌ 9 ነው። ዘሩ ግን ጥሩ ነበር። መስከረም ላይ ሄጄ ሳየው ደስ አለኝ። አበባው ነጭ ከጥቁር፣ ሽታው ከሩቅ ይጣራል።

ጥቅምት ሊያልቅ ሲል አንድ ሌሊት ውርጭ ወረደ። ጎረቤቶቻችን በጊዜው የዘሩት ጠቁሮ ለማጨድ ደርሷል፣ ምንም አልሆነም። የኛ ገና እሸት ነበር። በነጋታው ሄድኩ። አመዳዩ እንደ ጨው ነጭ ሆኖ ተኝቶበታል። ፀሐይ ሲወጣ ቅጠሉ የተቀቀለ ጎመን መሰለ። አንዱን ቆረጥኩና ፈለፈልኩት። ፍሬው ጣቴ ላይ ውኃ ሆነ።

አባቴ አንድ ቃል አልተቆጣኝም። ጋቢውን ተከናንቦ ዳር ላይ ቆሞ አየውና «ተወው ልጄ፣ የአርባ ቀን ዕድላችን ነው» አለኝ።

ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። የአርባ ቀን ዕድል ከሆነ እኔ ምን አጠፋሁ? እኔ ካጠፋሁ ደግሞ ዕድሉ ምን ሠራ? እግዜር ያቺን ሌሊት ከሰኔ ጀምሮ የሚያውቃት ከሆነ፣ እኔ በሰኔ ሌላ ነገር ማድረግ እችል ነበር ወይ? «አይዞህ» ልትሉኝ የምትፈልጉ ከወዲሁ አመሰግናለሁ። እኔ የፈለግኩት እንድትከራከሩልኝ ነው።


መንዜው
ኅዳር 3፣ ማታ 3፡05

አይዞህ ልልህ ስል ቀደምከኝ።

ወንድሜ፣ አባትህ ስለ ጊዜ ፍልስፍና ያወሩ መስሎህ ነው? ልጃቸውን ይቅር ማለታቸው ነው። ባላገር «ይቅር ብዬሃለሁ» አይልም፣ ያፍራል። «ዕድላችን ነው» ይላል። «ዕድልህ ነው» እንዳላሉ ልብ በል፤ «ዕድላችን» ነው ያሉት። ግማሹን ጥፋት በራሳቸው ትከሻ ወሰዱልህ።


ጥቁር ሰሌዳ
ኅዳር 3፣ ማታ 3፡50

መንዜው ያለው ደስ ይላል፣ ልጁ ግን የጠየቀው ሌላ ነው።

እኔ ሸዋ ሮቢት ፊዚክስ አስተምራለሁ። ተማሪ እንዲህ ቢጠይቀኝ «ፈተና ላይ አይመጣም» ብዬ አልፈው ነበር። እዚህ ግን ማምለጫ የለኝም።

ጊዜ ለሁሉም እኩል የሚፈስ ነገር አይደለም። ይሄ አባባል እንዳይመስላችሁ፤ የተለካ ነው። አንስታይን በ1915 (በፈረንጆቹ) ባወጣው ንድፈ ሐሳብ መሠረት ከፍ ያለ ቦታ ላይ ያለ ሰዓት ዝቅ ካለው ይፈጥናል። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ሮቢት 1,300 ገደማ። ልዩነቱን 1,500 ሜትር ብለን ስናሰላው የባሶ ልጅ ሰዓት ከኔ ሰዓት በቀን 14 ናኖ ሰከንድ ያህል ይቀድማል። ናኖ ሰከንድ ማለት የአንዲት ሰከንድ ቢሊዮንኛ ነው። በዚህ ተሳብቦ ከቀጠሮ መቅረት አይቻልም። ስልካችሁ ላይ ያለው ካርታ ግን እንዲህ ያለውን ካላሰበ ይስታል። የጂፒኤስ ሳተላይቶች ሰዓት ከመሬቱ በቀን 38 ማይክሮ ሰከንድ (የሰከንድ ሚሊዮንኛ) ይቀድማል። ሳይታረም ቢቀር በአንድ ቀን ብቻ ከአሥር ኪሎ ሜትር በላይ ያሳስታል። ደብረ ሲና ቁጭ ብላችሁ ጣርማበር ዋሻ ውስጥ ናችሁ ይላችኋል።

ከዚህ የተነሣ ብዙ የፊዚክስ ሰዎች ለሁሉም የጋራ የሆነ «አሁን» የለም ይላሉ። ቦታ ሦስት ዳይሜንሽን (ርዝመት፣ ስፋት፣ ከፍታ) አለው፣ ጊዜ አራተኛው ነው። ደብረ ሲና ስትደርስ ደብረ ብርሃን ከምድር አትጠፋም። እንደዚያው ኅዳር ስትደርስ ሰኔም አልጠፋም፤ እዚያው ቦታው ላይ አለ። አንስታይን በ1955 የዕድሜ ልክ ጓደኛው ሲሞት ለቤተሰቡ ሲጽፍ፣ ያለፈው፣ አሁንና የሚመጣው መለያየታቸው ግትር የሆነ ማታለያ ብቻ ነው የሚል ሐሳብ አስፍሮ ነበር። ወር እንኳ ብዙ ሳያልፍ እሱም ሞተ። የጓደኛው ስም ቤሶ ነው። ከባሶ ለመጣ ጥያቄ ከዚህ የተሻለ መልስ ከየት ላምጣ?


ተጠራጣሪው
ኅዳር 3፣ ማታ 4፡12

መምህር፣ ሰኔም ኅዳርም «አሉ» ካልን ውርጩም ከመውረዱ በፊት ነበረ ማለት ነው። እንግዲህ ምርጫ የሚባለው ነገር አለቀለት።

ይጨመርልህ። በ1983 (በፈረንጆቹ) ቤንጃሚን ሊበት የሚባል ተመራማሪ ሰዎችን በፈለጋችሁ ጊዜ እጃችሁን አንቀሳቅሱ ብሎ አንጎላቸውን ለካ። «አሁን ላንቀሳቅስ» ብለው ማሰባቸውን ራሳቸው ከማወቃቸው በፊት አንጎላቸው መዘጋጀት ጀምሮ ተገኘ። እኛ የምንወስን ይመስለናል እንጂ ወሬው ነው ዘግይቶ የሚደርሰን።


ጥቁር ሰሌዳ
ኅዳር 3፣ ማታ 4፡30

የሊበትን አውቀዋለሁ። ልዩነቱ ከግማሽ ሰከንድ ያነሰ ነው። ራሱ ሊበትም እንኳ ሰው የጀመረውን የማቆም ዕድል አለው ይል ነበር። ደግሞ እጅ ማንቀሳቀስና ዘር ሳያመጡ መቅረት አንድ አይደሉም። ይሄ ልጅ የዘገየው ግማሽ ሰከንድ አይደለም፤ አምስት ሳምንት ነው።


የባሶ ልጅ
ኅዳር 3፣ ማታ 4፡33

መምህር፣ አመሰግናለሁ መሰለኝ 😅


ዜማ ቤት
ኅዳር 4፣ ጠዋት 12፡20

ቤተ ሰቡ፣ እንደምን አደራችሁ። ሌሊቱን ሙሉ ስትነታረኩ አድራችኋል።

እኔ አንኮበር አካባቢ አብነት ትምህርት ቤት ጥቂት ዓመት ቆሎ ለምኜ የተማርኩ ነኝ። መሪጌታ አይደለሁም፣ ማንም እንዳይሸውዳችሁ። ግን ከሰማሁት ላካፍል።

መምህሩ ጊዜና ቦታ አንድ ላይ የተሸመኑ ናቸው ያሉት ለኔ አዲስ አይደለም። ግእዙ «ዓለም» ይላል። ዓለም ቦታም ነው፣ ይሄ የምንኖርበት። ዓለም ዘመንም ነው፤ «ለዓለመ ዓለም» ስንል ለዘላለም ማለታችን ነው። «እምቅድመ ዓለም» ስንል ደግሞ ቦታውም ዘመኑም ሳይፈጠር በፊት። ሁለቱን በአንድ ቃል ይዘን ስንዘምር ኖረናል። ፈጣሪ ከሁለቱም ውጭ ነው። ለሱ ሺህ ዓመት እንዳለፈች እንደ ትናንት ቀን ናት ይላል መዝሙሩ።

አሁን ወደ ልጁ ጥያቄ። ማወቅና ማድረግ ይለያያሉ። ባሕረ ሐሳብ፣ የበዓላትና የአጽዋማት ቀን የሚወጣበትን ሒሳብ፣ እናስላ። ዘመነ ምሕረቱ 2018 ነው። 5500 ጨምርበት፣ 7518። ለአራት ስታካፍለው 2 ይተርፋል፤ ዘመነ ማርቆስ። ለ19 ስታካፍለው 13 ይተርፋል። አንድ ቀንስ፣ ወንበሩ 12። 12ን በ11 አብዛ፣ በሠላሳ ግደፍ (ሠላሳ ሠላሳውን ጥለህ የተረፈውን ያዝ)፤ አበቅቴ 12። 12ን በ19 አብዛ፣ በሠላሳ ግደፍ፤ መጥቅዕ 18። አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ ሠላሳ፤ ሒሳቡ ልክ ነው። እንዲህ እያልኩ የዛሬ ሁለት መቶ ዓመት ፋሲካ መቼ እንደሚውል ቁጭ ብዬ እነግርሃለሁ። እኔ ስላወቅኩት ግን ፋሲካው አልመጣም። ያን ጊዜ ማን እንደሚጾም፣ ማን በጓሮ ዞሮ ሥጋ እንደሚበላም ሒሳቡ ውስጥ የለም።

ፈጣሪ ያንንም ያውቃል ትለኝ ይሆናል። አዎ ያውቃል። አስቀድሞ ማወቁ ግን አስገድዶ ማሠራት አይደለም። ሲራክ እሳትና ውኃ በፊትህ ቀርቦልሃል፣ እጅህን ወደ ወደድኸው ስደድ ይላል። እጁ ያንተ ነው።


ሚጡ
ኅዳር 4፣ ጠዋት 2፡05

የኔታ፣ ይፍቀዱልኝና አንድ ጥያቄ አለኝ። ዩቲዩብ ላይ ሰባቱ ሰማያት ማለት ሰባት ዳይሜንሽን ናቸው፣ ቅዱሳን በአምስተኛው ነው የሚሄዱት ሲሉ ሰማሁ። እውነት ነው?


ዜማ ቤት
ኅዳር 4፣ ጠዋት 2፡40

የኔታ አይደለሁም አልኩ እኮ።

እቴ፣ ሊቃውንቱ የሚቆጥሯቸው ሰማያት ስም አላቸው። ጽርሐ አርያም፣ መንበረ መንግሥት፣ ሰማይ ውዱድ፣ ኢየሩሳሌም ሰማያዊት፣ ከዚያ ኢዮር፣ ራማ፣ ኤረር። የመጨረሻዎቹ ሦስቱ የመላእክት ከተሞች ናቸው። ዳይሜንሽን የሚል ስም እኔ በተማርኩበት አልነበረም። ምናልባት ከኔ በኋላ ጨምረውት ይሆናል።

ጊዜ ተለጥጦ ማየት ከፈለግሽ ዩቲዩብ ምን ያደርግልሻል፤ ተረፈ ባሮክን አንብቢ። ኢትዮጵያዊው አቤሜሌክ በለስ ሊለቅም ወጥቶ ዛፍ ሥር ጋደም አለ። 66 ዓመት ተኛ። ኢየሩሳሌም ፈርሳ፣ ሕዝቡ ባቢሎን ተማርኮ። ሲነቃ ራሱን ከበደው፣ «ትንሽ ብተኛ ጥሩ ነበር» ብሎ አሰበ። ቅርጫቱን ሲያይ በለሱ ገና ወተቱን ያንጠባጥባል። ለሱ አንድ ቀትር ነው፣ ለሌላው 66 ዓመት። እኔን የሚያስገርመኝ ዓመቱ አይደለም፤ የበለሱ ወተት ነው።


አልዩ አምባ
ኅዳር 4፣ ቀን 7፡15

አሰላሙ ዐለይኩም፣ ለሁላችሁም እንደምን ዋላችሁ። ከአንኮበር ቁልቁል ነው ያለሁት፣ ኔትወርክ እስኪመጣ ነው የቆየሁት።

እኛ ዘንድ በቀደር ማመን ከእምነት መሠረቶች አንዱ ነው። ጥሩውም መጥፎውም ከአላህ ውሳኔ አይወጣም። ግን ስንት ሰው ይህን ይዞ እንደሚተኛ ታውቃላችሁ።

የኸሊፋውን የሰይዲና ዑመርን ታሪክ ልንገራችሁ። ወደ ሻም (ሶርያ) እየተጓዙ ሳለ እዚያ ወረርሽኝ ገብቷል ተባለ። ሰዎቹን አማከሩና እንመለስ አሉ። አቡ ዑበይዳ የሚባለው ትልቅ ሰሓባ (የነቢዩ ባልደረባ) «ከአላህ ቀደር ልትሸሽ ነው?» አላቸው። ዑመር ምን አሉ? «አዎ፣ ከአላህ ቀደር ወደ አላህ ቀደር እንሸሻለን።» ቀጥለውም በምሳሌ ጠየቁት። ግመሎችህን ይዘህ ሸለቆ ብትወርድ፣ አንዱ ወገን ለምለም፣ አንዱ ወገን ደረቅ ቢሆን፣ በለምለሙ ብታሰማራ በአላህ ቀደር አይደለም ወይ? በደረቁ ብታሰማራስ?

ግመል ጠባቂ ለሆነ ሰው ይሄ በቂ ነው። ከብት ይዞ ደረቅ ወገን የሚወርድ እረኛ አላየሁም፤ ቀደር ነው እያለ ማለቴ ነው። እነ ዑመርም ወደ ወረርሽኙ አልገቡም፣ ተመለሱ።

የባሶ ልጅ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ማሳችሁ ረባዳው ላይ ነው እንዴ? ቀዝቃዛ አየር ይከብዳል። ሰማዩ ጠርቶ ነፋስ ሲጠፋ እንደ ውኃ ቁልቁል ፈስሶ ዝቅ ያለው ላይ ይተኛል።


የባሶ ልጅ
ኅዳር 4፣ ማታ 1፡30

ወንድሜ፣ ልክ ነህ። ወንዙ ዳር ነው። ከኛ ከፍ ብሎ ተዳፋቱ ላይ ዘግይቶ የዘራ አንድ ጎረቤት አለን፤ የሱ እሸት ዳር ዳሩ ብቻ ነው የተነካው። ያው ሌሊት፣ ያው ሰማይ።

እና አሁን ደግሞ ሌላ ጣጣ ትዝ አለኝ። ያቺ ረባዳ የደረሰችን በዕጣ ነው። በ1967 መሬት ላራሹ ከታወጀ በኋላ ቀበሌው ሲያከፋፍል አያቴ ናቸው ዕጣ ያወጡት። ወረቀቱን ከቆብ ውስጥ አወጡ ይላል አባቴ። ስለዚህ ዕጣ የሚባለው እኛ ቤት ምሳሌ አይደለም። የተጠቀለለ ወረቀት ነው።


ተጠራጣሪው
ኅዳር 4፣ ማታ 1፡52

በለው። እንግዲህ ጥፋቱ የአያትህ ነው።


መንዜው
ኅዳር 4፣ ማታ 2፡00

አያት አትንኩ።

ደብረ ብርሃን ካነሣን ዘንድ፣ ከተማዋ ራሷ ለዚህ ክርክር ጥሩ ናት። ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ሰማይ ላይ ብርሃን ታይቶ ነው ደብረ ብርሃን ያሏት። አንዳንድ የታሪክ ሰዎች ያ ብርሃን በ1456 (በፈረንጆቹ) የታየው የሃሌይ ጅራታም ኮከብ ሳይሆን አይቀርም ይላሉ። እሱ ደግሞ በ76 ዓመት ገደማ አንዴ እየዞረ የሚመጣ ነው። በ1986 መጥቶ ነበር፣ በ2061 ይመጣል ተብሎ ተሰልቷል። ንጉሡ ምልክት ነው አሉ፣ አስትሮኖሚው ቀጠሮ ነው ይላል። እኔ ሁለቱ የሚጣሉ አይመስለኝም። ኮከቡ መምጣቱን አልመረጠም። ቤተ ክርስቲያን ለመሥራት የመረጡት ግን ንጉሡ ናቸው። ቀና ብለው አይተው ዝም ብለው ሊተኙ ይችሉ ነበር። እዚያ ብርድ ላይ እኔ ብሆን እተኛ ነበር።


የመሐል ሜዳ ልጅ
ኅዳር 4፣ ማታ 3፡25

ወንዶቹ ሁሉ ተናገራችሁ። አንድ ነገር ግን ማንም አላነሣም። ወንድ በአርባ ቀኑ፣ ሴት በሰማንያ ቀኗ ነው የምትጠመቀው። ታዲያ የኛ ዕድል የት ሄደ? ለኛ «የሰማንያ ቀን ዕድል» አይባልም። ሰማንያ ሲባል እኛ ትዝ የሚለን የጋብቻ ውል ነው፤ እሱን ደግሞ ፈርመንበት ነው። 😂

አሁን የምሬን። ልጄን እያስተኛሁ ስታወሩ ሳነብ ቃሎቹ ናቸው የያዙኝ። እናቴ ቁጭ ብላ የበግ ጠጉር ስትፈትል «ፊት እንዲህ አልነበረም» ትላለች። ፊት ማለቷ ድሮ ነው። «ኋላ ታያላችሁ» ስትል ደግሞ ገና የሚመጣውን ነው። አስቡት እስቲ። በኛ ቋንቋ ያለፈው ፊታችን ላይ ነው፣ የሚመጣው ጀርባችን ነው። ልክም ነው። ያለፈውን እናየዋለን፣ ፊታችን ተዘርግቷል። የሚመጣው አይታይም፣ ከኋላ ነው የሚነካን። ወደ ዘመን የምንሄደው በጀርባችን እያፈገፈግን ነው።

የባሶ ልጅ ሰኔን አሁን ፊት ለፊቱ ያየዋል። ግልጽ ነው፤ ዘሩ፣ ስልኩ፣ ቀኑ። በሰኔ ግን ያቺ የጥቅምት ሌሊት ከጀርባው ነበረች። ያላየውን ነገር እንዳየ አድርጎ ነው ራሱን የሚከሰው።


ተጠራጣሪው
ኅዳር 4፣ ማታ 3፡40

እህት፣ ቆንጆ ነው ግን አይሠራም። «ወደፊት» የሚለው ቃልስ? ወደፊት የሚመጣው ነው። ስለዚህ በፊት ያለፈ፣ ወደፊት የሚመጣ። አማርኛ ራሱ አልወሰነም።


የመሐል ሜዳ ልጅ
ኅዳር 4፣ ማታ 3፡58

አየህ፣ «ወደ» የሚለው እግር ነው። ስንቆም ያለፈው ፊታችን ነው፤ ስንራመድ የሚመጣው። ቆሞ የሚያይና የሚሄድ ሰው አንድ አይነት አይናገርም። ደግሞ ልብ በሉ፣ ዘር ይዞ እርሻ ላይ ቆሞ «የአርባ ቀን ዕድሌ ነው» የሚል ገበሬ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አልሰማሁም። ሲዘራ «እንደ ፈቃድህ» ብሎ ይበትናል። ዕድል የሚለው ከሆነ በኋላ ነው፣ ጋቢውን ተከናንቦ።


ጥቁር ሰሌዳ
ኅዳር 4፣ ማታ 4፡10

ይህንን ነገ ክፍል ውስጥ እጠቀምበታለሁ። የአራተኛውን ዳይሜንሽን ለማስረዳት ሦስት ዓመት ስታገል ነበር።

አንድ ተቃውሞ ግን አለኝ። ልጁ ምንም አላየም ማለት አይቻልም። ውርጭ በጥቅምትና በኅዳር እንደሚወርድ በዚያ አገር ሕፃን ያውቀዋል። የትኛዋ ሌሊት እንደሆነች አላወቀም እንጂ ወራቱን ያውቅ ነበር። ከጀርባው የቆመ ነገር እንዳለ ጥላው ታይቶታል።


ዜማ ቤት
ኅዳር 4፣ ማታ 4፡25

መምህር እውነታቸውን ነው። ለዚህ ነው ንስሐ የሚባል ነገር ያለን። ሁሉ ዕድል ቢሆን ንስሐ ለምን? ሁሉ የኔ ቢሆን ደግሞ ምሕረት ለምን?


የባሶ ልጅ
ኅዳር 6፣ ማታ 2፡15

ሁለት ቀን ጠፋሁባችሁ፣ ገጠር ነበርኩ። የጻፋችሁትን ሁሉ ለአባቴ አነበብኩለት። የመምህሩ 14 ናኖ ሰከንድ ላይ ሳቀ። «እኛ እንቀድማለን አለ?» ብሎ ደግሞ አስነበበኝ። የዑመርን ሲሰማ «እረኛ ነው የተናገረው» አለ። የበለሱ ወተት ላይ ዝም አለ።

ማታ ምድጃው ዳር ሆነን በቀጥታ ጠየቅኩት። «አባባ፣ እውነቱን ንገረኝ። ዕድላችን ነው ያልከው ከልብህ ነው ወይስ እንዳይከፋኝ ብለህ?»

እሳቱን ቆሰቆሰው። «ሁለቱም» አለ።

ቆየና፣ እኔ ልተኛ ስነሣ፣ «ያ ዘር ግን ጥሩ ዘር ነበር፤ ለከርሞም እሱን አምጣ» አለኝ።

እሺ አልኩ።

«በግንቦት ልደታ ቤት ይግባ። ከሰኔ ሚካኤል በፊት ከመሬት ካልገባ የራሴን እዘራለሁ፣ አልጠብቅህም። ረባዳው ላይ ደግሞ ገብስ ነው የምዘራው፤ ባቄላው ወደ ተዳፋቱ ይወጣል።»


መንዜው
ኅዳር 6፣ ማታ 2፡22

ዘሩን ከየት ነው የምታመጣው? ለኔም አንድ ኩንታል ያዝልኝ።